ቁልፉ ከመኪናው ጋር ሄዷል

ልጅ ሳለሁ ከምንም ነገር አብልጬ የምመኘው ጥያቄ ነበር። አዲስ ጫማ አይደለም፣ አሻንጉሊትም አይደለም። ከእናቴ አፍ የወጣ፣ ሌሎች ልጆች ሁሉ እየሰሙ የምጠየቀው፣ የእኔ የብቻዬ የሆነ አንድ ጥያቄ። ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ምኞት ነው የሚል ሰው የእናቴን ክፍል አላየም ማለት ነው።

እናቴ አስተማሪ ነበረች። አራተኛ ክፍል ስደርስ ዕጣዬ ሆኖ እሷው ክፍል ተመደብኩ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በሩ ላይ አቁማኝ ኮሌታዬን አስተካከለችና፣ «ከዚህ ደፍ ወዲህ እናትሽ ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ ቲቸር ነኝ። ክፍል ውስጥ እማዬ ብትይኝ አልሰማሽም» አለችኝ። ቃሏንም ጠበቀች። አንድ ቀን ዴስክ ጣቴን ቆርጥሞኝ «እማዬ!» ብዬ ስጮኽ፣ ልክ እንደ ሌላ ሰው ልጅ አይታኝ፣ «ቀዝቃዛ ውኃ አስነኪው» ብላ ወደ ሰሌዳዋ ዞረች። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ጣቴን ሳይሆን ሆዴን ነው ያመመኝ።

የሳምንቱ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ የድርሰት ነበር። በሌሎች ክፍሎች ድርሰት ማለት «የላም ጥቅም» ማለት ነው፤ ላም ወተት ትሰጣለች፣ ቆዳዋ ጫማ ይሆናል፣ አበቃ። እናቴ ግን ከቤት ዘንቢል ይዛ ትመጣለች። ዘንቢሉ ውስጥ ድስት የሌለው ክዳን፣ ጥንዱ የጠፋ ጫማ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ መስታወት የሌለው መነጽር አለ። «አንዱን አንሱና የማን እንደነበር ጻፉ» ትለናለች። «በጣም ቆንጆ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። «በጣም አዘነች» ማለትም ክልክል ነው። «ማዘኗን አትንገሩኝ። ስታዝን ምን አደረገች? እሱን ንገሩኝ» ትላለች።

ጽፎ የጨረሰ ልጅ በእሷ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያነባል። ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ትልቅ የእንጨት ወንበር ነበር፤ የብዙዎቻችን እግር ወለል አይነካም። እሷ ደግሞ ዝቅ ብላ በእኛ አግዳሚ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ትቀመጣለች። ልጁ ሲጨርስ ትንሽ ዝም ትላለች። ያቺ ዝምታ ናት ልብ የምታቆመው። ከዝምታዋ በኋላ ከሁለት አንዱ ይመጣል፤ ወይ «ጎበዝ፣ ቀጣይ» ትላለች፣ ወይ ትጠይቃለች። የተጠየቀ ልጅ ከወንበሩ ሳይነሳ መመለስ አለበት፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «አላውቅም» ማለት ክልክል ነው። የተጠየቀ ልጅ ታሪኩን ይዞ ቤቱ ይሄዳል፣ ይቀጥላል፣ በሚቀጥለውም ሳምንት ወንበሩ የእሱ ነው። ጥያቄ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

እኔን «ጎበዝ፣ ቀጣይ» ትለኛለች። የማበጠሪያዋን ንግሥት ስጽፍ ጎበዝ። የመነጽሩን ዓይነ ስውር ሌባ ስጽፍ ጎበዝ። ጎበዝ የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ሰው ሲለኝ ፊቴ ይኮሳተራል።

የሹፌሩ ልጅ የመጣችው በዓመቱ መሀል ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ስሟን ሳንለምደው «የሹፌሩ ልጅ» ሆና ቀረች። ፀጉሯ እንደ ወንድ አጭር ነው። የምትቀመጠው በሩ አጠገብ ነው፤ በሩም ሲዘጋ ቀና ብላ ታያለች። ከማንም ጋር አትጫወትም፣ ከማንም ጋርም አትጣላም። እኔ ስለ እሷ ምንም ስሜት አልነበረኝም፤ ያቺ ዓርብ እስክትመጣ ድረስ።

ያን ዕለት ክዳኑን አነሳች። ወንበሩ ላይ ስትወጣ ወረቀቷን ፊቷ ላይ ጋርዳ፣ ለማንም እንደማታነብ ሁሉ ቀስ ብላ ጀመረች።

«ልጅቷ ቤት ውስጥ ናት። ክዳኑ ዳቦውን ከድኖታል። ዳቦው መጀመሪያ ለስላሳ ነው። ቀጥሎ ይደርቃል። ቀጥሎ ውኃ ይፈልጋል። ፀሐይ በበሩ ሥር ትገባለች። የአልጋው እግር ጋ ስትደርስ ምሳ ነው። በውጭ የሚያልፉትን ሰዎች በጫማቸው ታውቃቸዋለች። አንዷ ሴትዮ አንድ እግሯን ትጎትታለች። ልጅቷ ሬዲዮኑን ትቀንሰዋለች፤ ሰው እንዳይሰማ።»

አበቃ። ንግሥት የለ፣ ሌባ የለ። እኔ በልቤ «ይኼ ደግሞ ታሪክ ነው?» እያልኩ ነበር። እናቴ ግን ዝም አለች። ዝምታዋ ከልክ በላይ ረዘመ። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ እኔ ትኩሳት ሲይዘኝ ብቻ በማውቀው ድምፅ፣ «በሩን ለምን አትከፍተውም?» አለች።

«ተቆልፏል።»

«ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«ከውጭ።»

«ቁልፉስ የታለ?»

«ቁልፉ ከመኪናው ጋር ሄዷል።»

«ምድጃውን... ምድጃውን ማነው የሚያጠፋው?»

«ራሷ።»

አራት ጥያቄ! ባንድ ቀን፣ ለአንድ ልጅ፣ ያውም ለአዲስ ልጅ! ያን ያህል የተጠየቀ ሰው በክፍላችን ታሪክ አልነበረም። ደግሞስ «ቁልፉ ከመኪናው ጋር ሄዷል» ማለትን ከየት አመጣችው? እንደዚያ ያለ ዓረፍተ ነገር ለምን እኔ አፍ ላይ አልመጣም? አንጀቴ ድብን አለ። የእናቴን ጣቶች አየሁ፤ የጠመኔውን ዱቄት ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ትጠርግ ነበር፣ ዱቄቱ ካለቀም በኋላ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ መታጠፊያችንን አለፈችው። ስንት ዓመት የተመላለሰችበትን መንገድ ስታ የዳቦ ቤቱ በር ድረስ ሄደች። እጇን ጎትቼ መለስኳት። ልጅ ነኝና፣ በዚያች ልጅ ታሪክ ፍቅር ነው ልቧ የጠፋው ብዬ ደመደምኩ። ዛሬ እኔም እናት ነኝ፤ እናት መንገድ የሚጠፋባት መቼ እንደሆነ አውቃለሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ የቤታችን የፊተኛው ክፍል ነው፤ እኔ የቤት ሥራዬን የምሠራው ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ መሀል ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አጋማሽ እናቴ ከትምህርት ቤት ዘግይታ መጣችና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ከአባቴ ጋር ወሬ ያዘች። እኔ አጎንብሼ የምጽፍ መስዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ዳይሬክተሩ ምን አሉሽ?» አላት አባቴ።

«ምን ይሉኛል! ‹ፍጠሩ ትያቸዋለሽ፣ ሲፈጥሩ ደግሞ ታምኛቸዋለሽ፤ አንቺን ነው እንጂ ልጆቹን ምን አደርጋቸዋለሁ› አሉኝ።»

«ከተሳሳትሽስ? የሰው ቤት ጉዳይ እሳት ነው።»

«እኔም የፈራሁት እሳቱን ነው» አለች እናቴ። «ለማንኛውም ዓርብ ክፍል ገብቼ ራሴ እሰማታለሁ ብለዋል።»

እኔ ከዚህ ሁሉ ወሬ የተረዳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሹፌሩ ልጅ ታሪክ ዝናው ዳይሬክተሩ ጆሮ ደርሶ፣ ትልቁ ሰውዬ ራሳቸው ሊሰሟት ይመጣሉ! ስለ እሳትና ስለ ሰው ቤት የተወራውን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ያን ማታ ከእራት በፊት ጻፍኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ እኔ ግን የሹፌሩን ልጅ ወርቅ ሙልጭ አድርጌ ወሰድኩት፣ የራሴንም ጨመርኩበት። እሷ የተቆለፈባት ልጅ አለቻት? እኔም አለችኝ። የእሷ በአንድ ቁልፍ ነው? የእኔ በሰባት ቁልፍ። የእሷ ቆላፊው አይታወቅም፤ የእኔ ጨካኝ እናት ናት፣ ጥፍሯ የረዘመ። የእኔዋ ልጅ ታለቅሳለች፣ ትጮኻለች፣ በሩን በጡጫ ትደበድባለች፣ እንባዋ ባልዲ ይሞላል። «በጣም አዘነች» ብዬም ጻፍኩ፤ ክልክል መሆኑን ረስቼው አይደለም፣ ማዘኗ በሌላ መንገድ የሚበቃ ስላልመሰለኝ ነው። በመጨረሻ ነጭ ፈረስ ይመጣል። ልጅቷን አዝሎ ይወጣል። ጨርሼ ሳነበው የራሴ ዓይን እንባ አቀረረ።

ዓርብ ዳይሬክተሩ ገቡ። ሰፊ ሰውዬ ነበሩ፤ የኋላው አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ እንጨቱ አቃሰተ። እናቴ ወደ በሩ አጠገብ አየችና፣ «እስኪ ዛሬ...» ብላ ስትጀምር እኔ ከመቀመጫዬ ተወርውሬ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። እናቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «ውረጂ» ልትል አፏን ስትከፍት ዳይሬክተሩ፣ «ተያት፣ ተያት፣ ታንብብ» አሉ።

አነበብኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጨካኟ እናት ጋ ስደርስ ጥፍሬን አውጥቼ፣ ልቅሶው ጋ ስደርስ አልቅሼ አነበብኩ። ፈረሱ ሲመጣ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ያኔ ወደ በሩ አጠገብ አየሁ። የሹፌሩ ልጅ ዴስኩ ላይ ተደግፋ ወደ ፊት ዘንበል ብላለች፤ አፏ ተከፍቷል። «ይኸው፣ አሁን እሷ ትቅና» አልኩ በልቤ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የጣፈጠኝ ነገር ጥቂት ነው።

ከዚያ ወደ እናቴ ዞርኩ። ዝም አለች። ጠበቅኩ።

«ጎበዝ» አለች። «ቀጣይ።»

ከወንበሩ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። የሹፌሩ ልጅ ወጥታ ስታነብ ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንኩ።

ደወሉ ሲደወል ሁሉም ወደ በሩ ሮጠ። እኔ ግን በዳይሬክተሩ ቢሮ በስተኋላ፣ መስኮቱ ሥር ሄጄ ቁጢጥ አልኩ። እናቴ ከሳቸው ጋር ስትገባ አይቻለሁ፤ የሚወራውም ስለ እኔና ስለ ሹፌሩ ልጅ መሆኑን አላጣሁትም። ማን እንደበለጠ መስማት ፈለግኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት የዳይሬክተሩን ሳቅ ነው። «ይኸው እንግዲህ! ያንቺም ልጅ ተቆልፎባታል! ያውም ባለ ጥፍር እናት! ፖሊስ ለማን ልጥራ፣ ላንቺ ነው ለሹፌሩ?»

«የእኔን ልጅ ይተዉት» አለች እናቴ።

ጆሮዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ።

«የእኔን ይተዉት፤ እሷ ምንም አልሆነችም። ያነበበችውን ያስቡት እስኪ። ታለቅሳለች፣ ትጮኻለች፣ በር ትደበድባለች። የዚችኛዋ ልጅ ግን አንድ ጊዜም አላለቀሰችም። ሬዲዮን ትቀንሳለች። ሰው እንዳይሰማ ሬዲዮ መቀነስን ማን አስተማራት? ዳቦ ውኃ የሚፈልገው መቼ እንደሆነ ማን ነገራት? የእኔዋ ሙሉ ዓመት ብትቀመጥ ይኼን አታመጣውም።»

ከዚያ በኋላ ዳይሬክተሩ አልሳቁም። እኔ ግን ለመስማት አልቆየሁም። እናቴ በገዛ አፏ «የእኔን ይተዉት» አለች። ሙሉ ዓመት ብቀመጥ አላመጣውም። አቧራ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በባልዲ ባይሆንም ብዙ አለቀስኩ።

ያ ነገር ምን እንደነበር የገባኝ በጣም ቆይቶ፣ እናቴ ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው። ዳይሬክተሩ የመጡት የሹፌሩን ልጅ ሰምተው «ልጅ ናት» ብለው ሊተዉት ቆርጠው ነበር። የፈጠራ ልቅሶ ምን እንደሚመስል የሰሙት ከእኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው የዚያች ልጅ ዝምታ የተሰማቸው። ይኼን እናቴ ስትነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን። ያኔ ግን ማንም አልነገረኝም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እኔም ይዤው አደግኩ።

ያን ዕለት እናቴና ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ሲነጋገሩ አንድ የጭነት መኪና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ የሹፌሩን ልጅ ይዟት ሄዶ ነበር።

ማታ እራት አልበላም አልኩ። እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። «ታሪክሽን ልብ ብዬ አልሰማሁትም» አለችኝ። «ነገ ቅዳሜ ነው። ቁጭ ብዬ፣ አንቺን ብቻ፣ ከመጀመሪያው እሰማሻለሁ። ቃሌ ነው።»

ጠዋት ስነሳ እናቴ የለችም። ዳቦና ሁለት እንቁላል በፌስታል ይዛ ወጥታለች።

«የት ሄደች?» አልኩት አባቴን።

«ሥራ አለባት።»

«ቅዳሜ?»

አባቴ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ እያስገባ፣ «ትመጣለች» አለ። ሲዋሽ ሁልጊዜ ክር ያስገባል።

ወረቀቴን ይዤ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጥኩ። ጠበቅኩ። እናቴ ስትመጣ የበለጠ እንዲያምራት ሁለተኛ ፈረስ ጨመርኩ፣ ቀጥዬ ሰረዝኩት። ምሳ ተበላ። ሁለት ደንበኞች ሱሪያቸውን ተለክተው ሄዱ። ፀሐይ ከበራችን እየሸሸች ሄደች፤ መሬቱ ላይ ስትንፏቀቅ ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት። አሁን ሳስበው፣ የሹፌሩ ልጅም ያቺኑ ፀሐይ ያን ሰዓት ከወዲያኛው በር ሥር እያየች ነበር። ያኔ የማውቀው ግን እናቴ ቃሏን እንዳፈረሰች ብቻ ነው።

ሊመሽ ሲል መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መንገዳችንን ሞልቶ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። የጋቢናው በር ተከፈተና... እናቴ ወረደች! እናቴ፣ ከጭነት መኪና ጋቢና! ቀሚሷን ሰብስባ ወርዳ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፣ የሹፌሩንም ልጅ አቅፋ አወረደቻት። ቀኑን ሙሉ እኔ በር በር ሳይ እነሱ በመኪና ይንሸራሸሩ ኖሯል!

ሹፌሩ ከወዲያ በኩል አንድ ሳጥን ብርቱካን ተሸክሞ መጣ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ግን ትከሻው ወርዷል። ደፋችን ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«ለክፉ ብዬ አይደለም እትዬ» አለ። «ሰው አላምን ብዬ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ማን ላይ ጥዬያት ልሂድ?»

«ምድጃው ቢያያዝስ?» አለች እናቴ። «ማን ይከፍትላታል? ቁልፉን አንተ ይዘኸው ሄደህ።»



«ከእኔ በቀር ሰው የላትም» አለ ሰውዬው።

«አሁን አላት» አለችው።

ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት፤ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ እንደገና ዓይኑን። እኔ ሙቀት ይመስለኝ ነበር። ሳጥኑን አስቀመጠ፣ የልጁን ራስ ነካ አደረገና ወደ መኪናው ሄደ።

ነገሩ ለእኔ ግልጽ ሆነ። ሰውዬው ልጁን በብርቱካን ለወጣት። ወደ አባቴ ሄጄ፣ «እኔንስ በስንት ሳጥን ነው የምትለውጡኝ?» አልኩት። አባቴ ሳቀና ሳቁን ዋጠው፤ «አንቺን ማንም አይችልሽም፤ ሳጥኑን ጨምረው ይመልሱሻል» አለኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አባቷ መንገድ በሄደ ቁጥር እኛ ቤት ሆነች። አልጋዬን ተካፈለች። እኔ በአንሶላው መሀል በአባቴ ጠመኔ መስመር አሰመርኩ፤ እሷ ከመስመሩ አልፋ አታውቅም፣ እኔ ነኝ እያለፍኩ በእግሬ የምገፋት። ምንም አትልም። አንድ ነገር ብቻ አታስነካም፤ በር አይዘጋም። የመኝታ ቤቱ በር ይከፈታል፣ ሽንት ቤት ስትገባም ገርበብ ታደርገዋለች። እኔ ነውረኛ እላት ነበር። እናቴ በሩ አጠገብ ስታልፍ ትሰማኝና ዓይኗን ብቻ ታሳየኛለች።

አባቴ ከአንድ ጣቃ ለሁለታችን ቀሚስ ሰፋልን። የእሷ ኪስ አለው።

«የእኔስ ኪስ?» አልኩት።

«እሷ ጠየቀችኝ። አንቺ አልጠየቅሽኝም።»

ኪሱ ለምን እንዳስፈለጋት በማግስቱ አየሁ። እናቴ የቤታችንን ቁልፍ አስቀርጻ፣ ቀይ ክር አስራ ሰጥታታለች። የቤታችንን ቁልፍ! እኔ፣ እዚያው ቤት የተወለድኩት፣ ቁልፍ ይዤ አላውቅም፤ «ትጥይዋለሽ» ነው የምባለው። ያን ዕለት ያለቀስኩት ልቅሶ መንደር ሰማው። «እሷን ትወጃታለሽ! እኔን ጠልተሽኛል!» አልኩ፣ ወለሉ ላይ እየተንከባለልኩ።

እናቴ በላዬ ቆማ፣ «አንቺ በር ከውጭ ተቆልፎብሽ ያውቃል?» አለችኝ። ይኼን ከጥያቄ አልቆጠርኩትም፤ ቁጣ ነበር።

የሹፌሩ ልጅ እኛ ቤት መምጣት ከጀመረች በኋላ ድርሰቷ ሞተ። ዘንቢሉ ሲዞር ጫማውን አንስታ፣ «ይኼ ጫማ የአንድ ሰው ነው። ሰውየው ሌላ ገዝቷል» ብላ አነበበችና ወረደች። እናቴ ዝምም አላለች። ፊቷ በርቶ፣ «ጎበዝ! ቀጣይ!» አለች። እኔ በደስታ ልሞት ደረስኩ፤ ወደቀች፣ አለቀላት አልኩ። እናቴ ፊቷን ወደ ሰሌዳው መልሳ አፍንጫዋን ስትጠርግ አይቻለሁ፤ በኮከቧ መጥፋት ያዘነች መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ይኼ ሁሉ አልፎ ሁላችንም አረጀን ልበል። አባቴም ሹፌሩም የሉም። የሹፌሩ ልጅ ፋርማሲስት ናት፤ ታሪክ መጻፍ ቀርቶ ደብዳቤ እንኳ አትወድም፣ «ደህና ነኝ» ብላ ነው የምትጨርሰው። መጻሕፍት የምጽፈው እኔ ነኝ። እናቴ ጡረታ ስትወጣ ከትምህርት ቤቱ ሌላ ስጦታ አልፈልግም ብላ ያንን ወንበር አስጭና ቤቷ አስገባች፤ እሁድ እሁድ ሁለታችንም እሷ ጋ ስንመጣ አንዳችን ግድግዳው ሥር ባለው ዝቅተኛ አግዳሚ ላይ፣ አንዳችን ወንበሩ ላይ እንቀመጣለን። ቀድማ የምትመጣው የሹፌሩ ልጅ ስለሆነች ወንበሩ የእሷ ነው። ቁልፍ አላታ! ያ ቀይ ክር ተበጥሶ ሌላ ቀይ ክር ተተክቷል።

ባለፈው አዲሱን መጽሐፌን ይዤ ሄድኩ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ገለጥ ገለጥ አደረገችው፣ መጨረሻውን አየች፣ ዘጋችው።

«ጎበዝ» አለች።

ምን እንደነካኝ እንጃ። ፀጉሬ ሸብቷል፣ ልጆቼ ቁመታቸው በልጦኛል፤ አፌ ግን የአራተኛ ክፍል ሆነ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጎበዝ! እሷን ስትጠይቂ፣ ስትጠይቂ፣ ስትጠይቂ! እኔን አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? ቀናሁ እማዬ! እስከ ዛሬ እቀናለሁ!»

የሹፌሩ ልጅ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። እናቴ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ፤ ከልቧ ተገርማለች።

«እኔ የምጠይቀው የፈራሁለትን ልጅ ነበር» አለች። «አንቺን አልፈራሁልሽም። ንግሥትሽም ሌባሽም ሁሉም መውጫ ነበራቸው። የምትቀኚ ግን አልመሰለኝም። አላየሁሽም ማለት ነው።»

ከዚያ እናቴ ግንባሯን ያዘች።

«ቆይ! አለ እንጂ! አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ያውም አደራ።» ወደ ሹፌሩ ልጅ ዞረች። «ያን ቅዳሜ!»

የሹፌሩ ልጅ ፈገግ አለች። «እስክታስታውሺው ነው የምጠብቀው።»

ያን ቅዳሜ እናቴ ሄዳ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር በዓይኗ አይታ፣ ልትሰብረው ድንጋይ ስታነሳ ልጅቷ ከውስጥ «አባቴን ያስሩብኛል፣ አትስበሪው» ብላ እንደለመነቻት አውቅ ነበር። ጎረቤት በርጩማ አውጥቶላት በመስኮቱ ፍርግርግ እንቁላልና ዳቦ እያቀበለች ሹፌሩ እስኪመጣ እንደዋለችም አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ምን ሲያወሩ እንደዋሉ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

«ታሪክ ልንገርሽ አልኳት» አለች እናቴ። «የማውቀውን ሁሉ ቆጠርኩላት። ሁሉንም እምቢ አለች። ‹የልጅሽን፣ የፈረሱን ንገሪኝ› አለችኝ። ነገርኳት። ስጨርስ ‹ድገሚው› አለች። ስንቴ እንዳስደገመችኝ! በመጨረሻ ፍርግርጉን ይዛ ጠየቀችኝ። እኔ መልሱን ከየት ላምጣ? ባለቤቷን እጠይቅልሻለሁ፣ ቃሌ ነው አልኳት። ከዚያ ያ ሰውዬ ከነብርቱካኑ መጣና ረሳሁት።»

«እኔ አልረሳሁትም» አለች የሹፌሩ ልጅ። «አልጋሽ ላይ ተኝቼ ስትገፊኝ ልጠይቅሽ እልና ትቆጫለሽ ብዬ እተወዋለሁ። ያን ዕለት ክፍል ውስጥ ስታነቢ እንኳ አፌን ከፍቼ የጠበቅኩት እሱን ነበር።»

«ምኑን?» አልኩ።

እናቴ ዝቅ ብላ፣ ጉልበቷን አጥፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ያን የለሰለሰ ድምፅ፣ የትኩሳቱን ድምፅ አወጣች።

«በሩ ተቆልፏል» አለች። «ያውም በሰባት ቁልፍ። መስኮቱ ፍርግርግ አለው። ፈረሱ በየት ገባ?»

የሹፌሩ ልጅ ከወንበሩ ተነሳች። በሁለት እጇ ገፍታ እኔ ፊት አቆመችው፣ ራሷም ሄዳ ከእናቴ አጠገብ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። «አላውቅም» ማለት ክልክል ነው።